ዝምም ይነቅዛል

ቤርሳቤህ፣ ሽኩና ዳሌት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
የአሸዋው ነፋስ መስኮቱን ሲያራግፍ፣ ሲል ዋይ ዋይ፣
እኔና ኤላድ ሠራን፣ ለስልክ የሚሆን የፊደል መጻፊያ፤
ኮዱ የሁሉ ነው፣ ማንም ይግባበት፣ የለውም መቆለፊያ።
«ወንፈል ነው» ብለን ለጠፍን ከደጃፉ፤
«ኑ አብረን እንረስ፣ ያወቃችሁ ጻፉ።»

መጡ ጥቂቶች፤ ጠየቁ፤ መልስ ሲያጡ፣
ከደጅ እንደቆመ እንግዳ ሳይሰናበቱ ወጡ።
እርሻው ክፍት ነበር። ምክሩ ነው የተዘጋ።
የሚቆረጠው ሁሉ ተቆርጦ ያድር ነበር፣ ገና ሳይነጋ፣
በእሱ ስልክና በእኔ ስልክ መሃል፣ በሹክሹክታ፣
ወይ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሥር፣ ፈላፈል ስንበላ ማታ።

በርካሽ ስልኮች ላይ «ኋ» ባዶ ሳጥን ሆና ስትቀር
አውቀናል። ከፋሲካ በፊት አውቀናል። ለማን ይነገር?
«ዝም አይነቅዝም» ይል ነበር አጎቴ ፈረደ፣
በሱዳን በረሃ ሌሊት ሌሊት፣ ትንፋሹን ውጦ የሄደ።
ለእሱ እውነት ነው፤ ዝም ያለ ነው ድንበር የተሻገረ።
እኔ ግን ከምን ልሻገር? ዝምታዬ እዚሁ ከረመ፣ እዚሁ አደረ።

ፈንታነሽ፣ በሆስፒታል ለሽማግሌዎች የምታስተረጉም፣
ላንድ አባት ጻፈች፦ «ክኒኑን ከምግብ ኋላ ይውሰዱ» ብላ።
የደረሳቸው፦ «ከምግብ □ላ»።
አባባ ጀንበሩ ሳጥኗን አዩ፤ የገባቸው በባዶ ሆድ መዋጥ ነው፤
ሦስት ቀን ራሳቸውን አዞረ፤ እጃቸው የሌላ ሰው እጅ መሰለ፣ ተንቀጠቀጠባቸው።

አልተሳደበችም። ሁሉ በሚያይበት ጻፈች፦
«ስልኬ ይህ ነው። የነካሁት ይህን። የጠበቅሁት «ኋ»። የመጣልኝ ባዶ።
በምን ላግዝ?»

ፊቴ ጋለ። ጣቴ ሮጠ ወደ ጓዳ በር፦
«እህቴ፣ በውስጥ እናውራ፣ እዚህ ሰው አለ…» ልላት ነበር።
ኤላድም፦ «አጥፋው፤ ገንዘብ ሊሰጡን ያሰቡ ያያሉ፤
ሙያ በልብ ነው፤ ብልሆች ዝም ይላሉ።»
ቅኔ ቢሆን ግድ የለም፣ ወርቁ ከሰም ሥር ቢውል ቢያድር፤
ይህ ግን ቅኔ አይደለም። ክኒን የሚዋጥበት ነገር!

የጀመርሁትን ሹክሹክታ ሰረዝሁ።
«ከፋሲካ በፊት አውቅ ነበር። አፈርሁ። ዝም አልሁ።
እንዴት እንደሚጠገን አላውቅም። አሁንም አፍራለሁ።»
ሌሊቱን ማንም አልመለሰም፤ ፍሪጁ ብቻ አጉረመረመ፤
ኤላድ ስልኩን ዘጋ፤ የስድስት ዓመት ወዳጅነት በአንዲት ፊደል ታመመ።

ሲነጋ፣ ከናታንያ አንድ ቄስ፦
«ጣቴ ያረጀ መስሎኝ፣ ለማንም ሳልተነፍስ
ሁለት ዓመት ያለ «ኋ» ቆየሁ።»
ከአፉላ አንዲት ተማሪ፦ «ስልኬ የድሃ ስለሆነ መስሎኝ፣ አፍሬ።»
ከአሽዶድ አንድ ሹፌር፦ «ፊደሉን የዘነጋሁት እኔ ነኝ ብዬ፣ በልጅነቴ ወጥቼ ከአገሬ።»
እያንዳንዱ ለብቻው፣ ለብቻው ጥፋተኛ፤
አንዲት ባዶ ሳጥን ሁላችንን ቆልፋብን፣ እንደ እስረኛ።

አጎቴ፣ ይቅር በለኝ፤ ዝምም ይነቅዛል።
ከውጭ ሙሉ እህል ይመስላል፣ በጣት ሲጫኑት ይቦናል።

ከራሃት ደግሞ ሱሄር፣ አረብኛ የምትጽፍ፣ «ሀ»ን ከ«ሐ» የማትለይ፣
የፈንታነሽን ቃል አስተርጉማ አነበበች፤ «የኛም ፊደል ይቆራረጣል፣ አውቀዋለሁ ይህን ጉዳይ።»
አሥራ አንድ መስመር ላከች፤ ከሥሩ፦ «ሞክሩት፣ ከተሳሳትሁም ንገሩኝ።»
«ኋ» መጣች።
አባባ ጀንበሩ «ገባኝ» ብለው መለሱ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በዚህ ከተማ፣ ይላሉ፣ ድሮ ሰው ለጉድጓድ ተጣላ፤
«ማን ነገረኝና?» አለ አንዱ፤ ተነጋገሩ፤ ከዚያ መጣ መሐላ።

ኤላድ አልተመለሰም። ወንበሩ ላይ ጃኬቱ አለ።
ትናንት ደግሞ፣ አዲሱን እርማት ስጭን፣ «ጓ» ጠፋች።
«ጓዳ» መጻፍ አልተቻለም። ይሁን፣ ስንሾካሾክ የኖርንበት ይቅር።
ግን «ጓደኛ»ም አይጻፍም። «ጉድጓድ»ም።
ሳይመሽ፣ ስሜን ከሥሩ አድርጌ ጻፍሁ፦
«□ን የሰበርኋት እኔ ነኝ። ኑ።»